ደመና ላይ የቀረው የዱቤ ደብተር

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከዚያ ልጀምር። ሰኔ 2015 ላይ፣ ቡሬ፣ አጎቴ መጋዘን ደጃፍ የበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ “ጋሼ፣ ይሄን ደብተር ይተዉት። ሁሉንም ክላውድ ላይ እናድርገው። ስልክዎ ቢጠፋ፣ መጋዘኑ ቢቃጠል እንኳ እሱ አይጠፋም” ያልኳቸው እኔ ነኝ።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። “ክላውድ ማለት?”

“ደመና።”

“ታዲያ ደመና ላይ የተቀመጠ ነገር አይጠፋም ትለኛለህ?” አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ክረምቱ እየገባ ስለነበር ከበላያችን ያለው ደመና ራሱ ሊዘንብ ነበር።

ጋሼ የበርበሬና የበቆሎ ነጋዴ ናቸው። አካባቢውን ለማታውቁ፣ ቡሬ ከፍኖተ ሰላም አለፍ ብላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በበርበሬዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። እዚያ የንግዱ ግማሽ እምነት ነው። ክረምት ሲገባ የገበሬው ጎተራ ይጎድላል፤ ማዳበሪያው፣ ሕክምናው፣ የልጁ ዩኒፎርም ሁሉም ብር ይፈልጋል። ከነጋዴው ይበደራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በቆሎው ተፈልፍሎ፣ በርበሬው ደርቆ ገበያ ሲወጣ ይከፍላል። በመሐል ያለው ውል ምንድን ነው? የዱቤ ደብተር። ስም፣ ቀበሌ፣ ብር፣ ቀን፣ አንዳንዴ የጣት አሻራ። የጋሼ ደብተር ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ መሐሉ ላይ የሻይ ክብ ያረፈበት ነበር። ለእኔ ለአዲስ አበባው፣ ስለ ስልክና ስለ መተግበሪያ ለምጽፈው ሰው፣ ይህ ኋላቀርነት መሰለኝ።

የጋሼ ልጅ ያኔ 11ኛ ክፍል ነበረች። ሁለት ማታ ተቀምጣ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር የኦንላይን ሠንጠረዥ ላይ ገለበጠችው። የደንበኞቹን መታወቂያና የውል ወረቀት ፎቶ አንስታ አብራ ጫነች። እግረ መንገዳችንን የእናቴን የመሬት ይዞታ ደብተርም አነሳነው። እናቴ የምትኖረው ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ጃቢ ጠህናን ገጠር ነው፤ ደብተሩ ላይ የእሷና የሟቹ አባቴ ፎቶ ጎን ለጎን አለ። ሥራው ሲያልቅ ጋሼ አሮጌውን ደብተር ሳጥን ውስጥ ወረወሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ዱቤ በቀጥታ ስልክ ላይ ሆነ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ቀጥ አለ። ያ ክረምት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሰው ላይ ስላመጣው ነገር ሌላ ጽሑፍ፣ ምናልባትም ሌላ ጸሐፊ ይፈልጋል። እኔ እዚህ የማወራው ስለ አንድ ስልክ ብቻ ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጋሼ ከሽንዲ ገበያ ሲመለሱ ዝናብ ደበደባቸው። ስልኩ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ውኃ ሲጠጣ አመሸ፤ ሲነጋ ሞቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኮ ምንም አልነበረም። አዲስ ስልክ ይገዛል፣ በጂሜሉ ይገባል፣ ሁሉም ነገር ተመልሶ ይመጣል። እኔም ሰኔ ላይ ቃል የገባሁት ይህንኑ ነበር። አዲሱ ስልክ ሲገዛ ግን ኢንተርኔት የለም። መረጃው የትም አልሄደም፤ የሆነ አገር፣ የሆነ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ማቀዝቀዣ እየነፈሰበት በሰላም ተቀምጧል። ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው የተዘጋው።

ስልክ አልፎ አልፎ ይሠራ ስለነበር አንድ ቀን ደወሉልኝ። “አንተ አዲስ አበባ ነህ፣ ኔትወርክ አለህ። ከዚያው ከፍተህ ስሙን እያነበብክ ንገረኝ፤ እኔ በወረቀት እጽፋለሁ” አሉኝ። እውነትም ግሩም ሐሳብ! ኮምፒውተሬን ከፈትኩ።

“ጋሼ፣ ጂሜልዎ ማን የሚል ነው?”

“እሱን እኔ ምን አውቄ? ልጁ ነው የከፈተልኝ።”

“ልጁ”ን የማታውቁት ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። ፍኖተ ሰላም፣ ደምበጫ፣ ባሕር ዳር፣ መርካቶ፣ ስልክ የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ አለ። ስልክ ስትገዙ ፕሌይ ስቶር እንዲሠራላችሁ ጂሜል ከፍቶ ይሰጣችኋል። ክፉ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም በነጻ ነው የሚያደርገው። ግን ፓስወርዱን የሚመርጠው እሱ ነው። ማረጋገጫ ቁጥር ሲጠየቅ የራሱን ያስገባል። እናንተ “ተከፈተ?” ትላላችሁ፣ እሱ “ተከፈተ” ይላችኋል፣ በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታነሱት ፎቶ፣ የምትመዘግቡት ስልክ ቁጥር፣ የምትሞሉት ሠንጠረዥ ሁሉ የሚገባው በሰው ቁልፍ የተቆለፈ ቤት ውስጥ ነው። ስልካችሁን ሪሴት አድርጋችሁ “የቀድሞውን ጂሜል አስገባ” እያለ የቆመባችሁ፣ “ጂሜል ሎክ ነው” ተብላችሁ ለማስከፈት ብር የከፈላችሁ፣ የምለው ይገባችኋል። ያ ቁልፍ የተሠራው ሌባ የሰረቀውን ስልክ እንዳይጠቀምበት ነበር። እኛ ጋ ግን ባለቤቱን ራሱን ውጪ ሲያሳድር ነው የማየው።

የጋሼን “ልጁ” ለማግኘት ወራት ፈጀ። ሱቁ ተዘግቷል፤ እሱም ገጠር፣ ቤተሰቦቹ ጋ ገብቷል። በሰው በሰው ተፈልጎ ጥር ላይ በስልክ ተገናኘን። የጋሼን ስም እንኳ አላስታወሰም። ፓስወርዱን ግን ሳያስብ ነገረኝ። “እንዴት አልረሳኸውም?” ስለው፣ ምንም ሳይሸማቀቅ፣ “ለደንበኛ ሁሉ አንድ ነው የማደርገው፣ እንዳይጠፋብኝ” አለኝ።

ተቀምጬ ነው የሰማሁት፤ ቆሜ ቢሆን እቀመጥ ነበር። ከዚያ ሱቅ ስልክ የገዛ ሰው ሁሉ የቤተሰቡ ፎቶ፣ የመታወቂያው ቅጂ፣ የፍቅር ደብዳቤው በአንድ ቃል ይከፈታል ማለት እኮ ነው። ልጁ ታማኝ ሆኖ ነው እንጂ…

ፓስወርዱን ሳስገባ ከማይታወቅ መሣሪያ ስለመጣሁ የማረጋገጫ ኮድ ተጠየቅኩ። ኮዱ የሚሄደው ወደ ልጁ ቁጥር ነው። ደግነቱ ሲሙን አልጣለውም፤ ኤስኤምኤስ ደግሞ ኢንተርኔት አይፈልግም። አኃዞቹን አንድ በአንድ አነበበልኝ። (በነገራችን ላይ፣ ኮድ በስልክ ለሰው ማንበብ በፍጹም ማድረግ የሌለባችሁ ነገር ነው። “ከባንክ ነው የምንደውለው” ባዮቹ የሚበሉን በዚሁ መንገድ ነው። እኛ ያደረግነው የገዛ ቤታችን በር በሰው ቁልፍ ስለተዘጋ ነው።)

ሠንጠረዡ ተከፈተ። ደስ ብሎኝ እየወረድኩ ሳየው የመጨረሻው መስመር ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ላይ ቆሟል። ጋሼ ግን ስልኩ እስከሞተበት ቀን ድረስ ሲያበድሩና ሲመዘግቡ ነበር።

ይህቺን ነገር እኔም በደንብ ያወቅኳት ያን ቀን ነው፤ እናንተም ልብ በሏት። ስልክ ላይ የጻፋችሁት ነገር ክላውድ የሚደርሰው ኔትወርክ ሲያገኝ ነው። ኔትወርክ ከሌለ ስልኩ ጽሑፉን ተቀብሎ፣ “ቆይ፣ በኋላ እልከዋለሁ” ብሎ እጁ ላይ ያቆየዋል። ስክሪኑ ላይ ስታዩት የተቀመጠ ይመስላችኋል። እውነቱ ግን እዚያች ስልክ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ ስልኩ ከሞተ አብሮ ይሞታል። ፎቶም እንደዚሁ ነው። ብዙዎቻችን ለዳታ ቁጠባ “በዋይፋይ ብቻ ጫን” የሚለውን መርጠናል። ጥሩ ነው፣ እኔም መርጫለሁ። ግን ዋይፋይ የማታገኙ ከሆነ ፎቶዎቻችሁ አንድም ቀን ክላውድ ደርሰው አያውቁም። አሁኑኑ ጉግል ፎቶስ ገብታችሁ ባክአፕ መጠናቀቁን እዩ፤ አንዳንዶቻችሁ ትደነግጣላችሁ። 15 ጊጋባይቱ ለጂሜል፣ ለድራይቭና ለፎቶ የጋራ መሆኑንም አትርሱ። እሱ ከሞላ መጫኑ ይቆማል።

ከሐምሌ መጨረሻ ወዲህ የተበደሩት ሰዎች ዝርዝር ከስልኩ ጋር ቀረ። አብዛኞቹ ታኅሣሥ ላይ በቆሏቸውን ሲሸጡ ራሳቸው መጥተው፣ “ጋሼ፣ ይሄን ያህል አለብኝ” ብለው ከፍለዋል። ሁለቱ ግን በመጠኑ አልተስማሙም፤ ነገሩ እስከ ዛሬ ሽማግሌ እጅ ላይ ነው። ማን ልክ እንደሆነ እኔ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ጋሼም እርግጠኛ አይደሉም። የሚያንገበግባቸውም ይኸው ነው፤ ሃያ ዓመት አብረው ቡና የጠጡትን ሰው ያለ ማስረጃ መጠርጠር።

ወደ እናንተ ልምጣ። የአብዛኞቻችሁ ክላውድ ድራይቭ አይደለም፤ ቴሌግራም ነው። ትራንስክሪፕቱ፣ ሲቪው፣ የፋይዳ መታወቂያው ፎቶ፣ የኪራይ ውሉ፣ ሁሉም “ሴቭድ ሜሴጅ” ውስጥ ነው ያለው። ምቹ ነው፤ ቦታ አይጠይቅም፣ አዲስ ስልክ ስትይዙ ሁሉም ይከተላችኋል። ይህ የሚሆነው ተራው የቴሌግራም መልእክት በድርጅቱ ሰርቨሮች ላይ ስለሚቀመጥ ነው። ከላኪና ከተቀባይ ስልክ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ሆኖ የሚመሰጠረው “ሲክሬት ቻት” ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ አዲስ ስልክ አይከተላችሁም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ቴሌግራም ለተወሰነ ጊዜ ያልተገባበትን አካውንት ከነመልእክቱ፣ ከነፎቶው ራሱን እንዲያጠፋ ያደርገዋል። ለብዙ ዓመታት መነሻው 6 ወር ነበር፤ አሁን ወደ 18 ወር ከፍ ብሏል። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ወደ አንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ነው። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ጠፍቶ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስሏቸው። ጉግልም እ.ኤ.አ. ግንቦት 2023 ባወጣው ደንብ 2 ዓመት ያልተገባበትን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቆ፣ ከዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። ደንቡን የጻፈው ሰው ሁለት ዓመት ያልገባ ሰው አካውንቱን ትቶታል ብሎ ነው ያሰበው። መግባት ያልቻለም ሰው እንዳለ ያሰበ አይመስልም። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ “ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ” ገብታችሁ “ኢፍ አዌይ ፎር” የሚለውን ረጅሙ ላይ አድርጉት። እዚያው ገጽ ላይ “ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን” የሚለውን አብሩት። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀማችሁበት ሲም ተዘግቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያ ሰው ቴሌግራም ሲከፍት ኮዱ የሚመጣው ለእሱ ነው፤ ሁለተኛ ፓስወርድ ከሌለ በራችሁ ተከፈተ ማለት ነው።

ኢንተርኔት ባይቋረጥስ? ያኔም ቢሆን ክላውድ ያው ኮምፒውተር ነው፤ ሌላ ቦታ ያለ፣ የሌላ ሰው ኮምፒውተር። ኮምፒውተር ደግሞ ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ውስጥ ከባትሪ የተነሳ እሳት ተነሳ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት “ጂ ድራይቭ” የተባለው ክላውድ 858 ቴራባይት መረጃ ይዞ ወደመ። ውጪ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም። ያቺ ሳምሰንግን የፈጠረች አገር እኮ ናት!

በአንጻሩ የእኛ አገር ሰዎች የሠሩትን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። በሺህ የሚቆጠሩ ጥንታዊ ጽሑፎች ገጽ በገጽ ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የሂል ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ተቀምጠው ለአሥርት ዓመታት ካታሎጋቸውን ሠሩ። ዛሬ ብዙዎቹን በስልካችሁ በነጻ መመዝገብና ማየት ትችላላችሁ። ዋናው ብራና በቦታው አለ፣ ቅጂው ከተማ አለ፣ ሌላው ቅጂ ባሕር ማዶ አለ። የኮምፒውተር ሰዎች ይህንኑ “3-2-1” ይሉታል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቦታ።

ቡሬ በሄድኩ ጊዜ ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው ጀመርን። አዲሱን ጂሜል የከፈቱት በራሳቸው ጣት ነው። እኔ ፊቴን አዙሬ ቡና ጠጣሁ። ፓስወርዱ ረጅም እንዲሆን፣ ከልጅነታቸው የሚያስታውሱት፣ ማንም የማይገምተው ዓረፍተ ነገር እንዲያደርጉት ብቻ ነው የነገርኳቸው። የመልሶ ማግኛ ቁጥሩ በስማቸው የተመዘገበ ሲም ነው፤ ሁለተኛ አማራጭ የልጃቸው ኢሜይል። ጉግል ሲሙ ቢጠፋ እንኳ የሚያስገቡ አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ስምንት አኃዝ ነው። በእስክሪብቶ ገልብጠው ሳጥኑ ውስጥ ከአሮጌው ደብተር ጋር አኖሯቸው። አይጧ እንዳትደርስበት በላስቲክ ጠቅልለው።

ሠንጠረዡን ስንፈትሽ ሌላ ጉድ ወጣ። ልጅቷ ለአባቷ በቀላሉ ለመላክ ብላ “ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል” አድርጋው ነበር። የስንት ገበሬ ስም፣ መታወቂያና ዕዳ! ዘጋነው። ጋሼ መጀመሪያ አልከበዳቸውም፤ “ማን ያየዋል ብለህ ነው?” አሉ። “የእርስዎ የባንክ ደብተር ገበያ መሐል ተዘርግቶ ቢያድርስ?” ስላቸው ዝም አሉ። በነገራችን ላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ ይዞ መዝረክረክ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕግም ጉዳይ ነው። ኦንላይን ዕቃ የምትሸጡ ልጆች፣ የደንበኛ አድራሻና ስልክ በቴሌግራም ግሩፕ የምትቀባበሉ፣ ለእናንተም ነው።

አሁን ቅዳሜ ማታ ማታ ጋሼ የሳምንቱን ዱቤ ከስልክ ወደ አዲስ ደብተር ይገለብጣሉ። ወር ሲሞላ ልጅቷ ሠንጠረዡን አውርዳ፣ በፓስወርድ ቆልፋ ፍላሽ ላይ ታደርገዋለች። ፍላሹ የሚቀመጠው እናቴ ጋ ነው፣ ገጠር፣ ከመሬት ደብተሩ አጠገብ። እናቴ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ “የወንድሜ ዕቃ ነው” ብላ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላቸው። የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የበርበሬው ዋጋ ወሬ ሲያልቅ፣ “ጋሼ፣ ፓስወርዱን አልረሱትም አይደል?” አልኳቸው።

“አልረሳሁም።”

“እስቲ ይበሉት።”

ትንሽ ዝም አሉ።

“አንተ ማነህና ነው የምነግርህ?” አሉኝና ስልኩን ዘጉት።